ጆርናል ሲበላሽ ማን ይነግረናል? ሦስቱ ትልልቅ ኢንዴክሶች ከደብረ ብርሃን ሲታዩ

በደብረ ብርሃን በአንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ፣ ከክፍል ሥራዬ ቀጥሎ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ነገር የሥራ ባልደረቦቼና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች «ይህ ጆርናል ደህና ነው ወይ?» እያሉ ለሚያቀርቡልኝ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም የሚያስከትለው ነገር ከባድ ነው፤ የአንድ መምህር የደረጃ ዕድገት፣ የአንድ ተማሪ የሁለት ዓመት ልፋት፣ አንዳንድ ጊዜም ከወር ደመወዝ የሚበልጥ የኅትመት ክፍያ በመልሱ ላይ ይንጠለጠላል። መልሱን የምንፈልገው ጆርናሎችን መርምረው ከሚመዘግቡት፣ ሁላችንም «ኢንዴክስ» ብለን ከምንጠራቸው አገልግሎቶች ዘንድ ነው። ስለሆነም እነዚህን አገልግሎቶች በየጊዜው እንደሚጠቀምባቸው ሰው ሆኜ መገምገም ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

የምገመግማቸው ሦስት ናቸው፤ ዲኦኤጄ እየተባለ የሚጠራው የነጻ ተደራሽ (አንባቢ ያለ ክፍያ የሚያገኛቸው) ጆርናሎች ማውጫ፣ የኤልሴቪየር ኩባንያ ንብረት የሆነው ስኮፐስ፣ እንዲሁም የክላሪቬት ኩባንያ ንብረት የሆነው ዌብ ኦፍ ሳይንስ። የምጠይቃቸው ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጆርናል አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ቢበላሽ እንዴት ያውቁበታል፣ እንዴት ያስወጡታል፣ ለእኛስ እንዴት ይነግሩናል? ይህን የመረጥሁት ብዙዎቻችን የጆርናሉን ስም በኢንዴክሱ ውስጥ ካገኘን ሌላ ሳንጠይቅ የምንልክ ስለሆንን ነው። ጆርናል ግን ባለቤቱ ሊለወጥ፣ ዋና አርታኢው ሊለቅ፣ ለሌላ ድርጅት ሊሸጥ፣ አልፎ ተርፎም ስሙ ሊሰረቅ ይችላል። በመንዝ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው አምና የተመሰከረለት ነው ስለተባለ ብቻ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ጥርሱን አይቶ፣ ላቱን ዳብሶ፣ አስኪዶ አይቶ ነው የሚገዛው። እኛ ጥናታችንን ስንልክ ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረጋችን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዲኦኤጄ ልጀምር። ይህ ማውጫ በ2003 በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም በውስጡ የነበሩት ጆርናሎች 300 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሆነዋል። ለሚፈልግ አንባቢም ሆነ ለመመዝገብ ለሚያመለክት ጆርናል አንዳች ክፍያ አይጠይቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን መግቢያው ልል ነበር፤ ይህም በጥቅምት 2013 በአደባባይ ታየ። ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ በሳይንስ መጽሔት እንዳስነበበው፣ ሆን ተብሎ ግልጽ ስሕተት የተሞላበትን የሐሰት የካንሰር መድኃኒት ጥናት ለ304 ነጻ ተደራሽ ጆርናሎች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል፤ ውድቅ ያደረጉት 98 ብቻ ናቸው። ግምገማውን እስከ መጨረሻ ካካሄዱትና በዲኦኤጄ ከተመዘገቡት አሳታሚዎች ውስጥ 45 በመቶ የሚሆኑት የሐሰቱን ጽሑፍ ተቀብለዋል። ለእኛ አካባቢ ሰው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፤ የጽሑፉ ባለቤት ተብሎ የቀረበው በአስመራ አለ የተባለ፣ ነገር ግን ፈጽሞ የሌለ የሕክምና ተቋም ተመራማሪ ነበር። የእኛ አካባቢ ስም ለማታለያ ሙከራ ተስማሚ ሆኖ መገኘቱን ሳስበው ዛሬም ቅር ይለኛል፤ ያን ያህል ጆርናል ተቋሙ መኖር አለመኖሩን እንኳ ሳያጣራ መቀበሉ ግን ከዚያ የከፋ ነው።

ዲኦኤጄ ከዚህ በኋላ ያደረገውን ከልቤ አከብረዋለሁ። በ2014 መስፈርቱን አጠበቀ፤ በውስጡ የነበሩትም ጆርናሎች ሁሉ እንደ አዲስ እንዲያመለክቱ ጠየቀ። በግንቦት 2016 በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ ያላመለከቱትን 3,300 ያህል ጆርናሎች በአንድ ጊዜ አስወጣ። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ የወጡት አጭበርባሪ ሆነው ተገኝተው ሳይሆን ስላላመለከቱ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ሆኖም የራሱን መዝገብ አንድ ሦስተኛ ገደማ ለመቀነስ የደፈረ ኢንዴክስ ከዚያ በፊት አላየሁም። አሁን ጆርናሉ በዓመት ቢያንስ 5 የምርምር ጽሑፎችን ማውጣት፣ የአርታኢዎቹን ስምና የሥራ ቦታ በግልጽ ማስፈር፣ የግምገማ ሥርዓቱንና ክፍያውን ሳይደብቅ መግለጽ፣ የተረጋገጠ የአይኤስኤስኤን ቁጥር (አንድ ጆርናል ከሌላው የሚለይበት ዓለም አቀፍ መለያ) መያዝ ይጠበቅበታል።

ከመስፈርቶቹ ውስጥ ለእኛ ትልቁን ትምህርት የያዘው በሁለቱ የቅርብ ዕትሞች በእያንዳንዳቸው የአርታኢዎች፣ የቦርድ አባላትና የገምጋሚዎች የራሳቸው ጽሑፍ ከ25 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚለው ነው። የተቋም ጆርናል አዘጋጅቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይረዳዋል። ጽሑፍ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚለመኑት የቦርዱ አባላት ናቸው፤ ገምጋሚ ሲጠፋም እነርሱው ናቸው። ማንም በክፋት ሳይነሣ ጆርናሉ የጥቂት ሰዎች የእርስ በርስ ማዕድ ሆኖ ይቀራል። መስፈርቱ ይህን የሚያየው ከቁጥር ነው እንጂ ከሐሜት አይደለም፤ ለዚህም ነው ፍትሐዊ የምለው።

ይሁንና ዲኦኤጄን ከሌሎቹ የሚለየው መስፈርቱ ሳይሆን የሚናገርበት መንገድ ነው። የገቡትንና የወጡትን ጆርናሎች ስም ዝርዝር ለማንም ክፍት በሆነ ሠንጠረዥ ያወጣል፤ ከእያንዳንዱ የወጣ ጆርናል ትይዩም ቀኑንና ምክንያቱን ያሰፍራል። ኅትመቱን ያቆመው፣ ድረ ገጹ የማይሠራው፣ መልካም አሠራርን ያልተከተለው፣ በአርታኢነት ሥራው ላይ ጥፋት የተጠረጠረበት፣ ሁሉም በየራሱ ቃል ተለይቶ ይቀመጣል። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ድረ ገጹ ስለተበላሸ የወጣን ጆርናል በሐሰተኛ ግምገማ ከተጠረጠረ ጆርናል ጋር በአንድ መደብ ማስቀመጥ በዚያ ጆርናል ላይ ያሳተመን ሰው ስም ያጎድፋል። ድክመቱን ስናገር፣ ዲኦኤጄ የሚመለከተው ለአንባቢ ያለ ክፍያ ክፍት የሆኑ ጆርናሎችን ብቻ ነው፤ ስለዚህ አንድ ጆርናል በዚያ ውስጥ አለመኖሩ ብቻውን መጥፎ ነው ለማለት አያስችልም። ማመልከቻ ከሚመረምሩት ውስጥም ብዙዎቹ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ ስለሆኑ ሥራው እኛ በምንቸኩለው ልክ አይፈጥንም።

ስኮፐስ ሌላ ዓይነት ነው። በ2004 የተጀመረ ሲሆን አሁን ከ27 ሺህ በላይ በኅትመት ላይ ያሉ ጆርናሎችንና ሌሎች ርዕሶችን ይከታተላል፤ በእኛም አገር መምህር ዘንድ «ስኮፐስ ውስጥ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ነው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ከየሙያ ዘርፉ ከተውጣጡ ምሁራን የተቋቋመ ገለልተኛ ቦርድ ነው። አንድ ጆርናል ወደ ዳግም ግምገማ የሚገባባቸው መንገዶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ጆርናሉ ራሱን በራሱ የሚጠቅስበት መጠን ከዘርፉ አማካይ ሁለት እጥፍ ሲሆን፣ ወይም በሌሎች የሚጠቀስበት መጠንና ሳይትስኮር የተባለው መለኪያው ከአማካዩ ግማሽ በታች ሲወርድ ይታያል። ሁለተኛው ከተመራማሪዎች ወይም ከአንባቢዎች የሚመጣ አቤቱታ ነው። ሦስተኛው «ራዳር» የተሰኘው ከ2017 ጀምሮ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው። አራተኛው ቦርዱ ራሱ ቀደም ሲል ያስገባውን ጆርናል እንደገና ልየው ሲል ነው።

ስለ ራዳሩ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ማጭበርበር በዓይን ከመታየቱ በፊት በቁጥር እንደሚታይ የሚያሳየው እርሱ ነው። ለምሳሌ በዓመት 60 ጽሑፍ ያወጣ የነበረ ጆርናል በድንገት 900 ቢያወጣ፣ ወይም ከብዙ አገር ይጽፉለት የነበሩት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት አገር ብቻ መምጣት ቢጀምሩ፣ ሶፍትዌሩ ያንን ያልተለመደ ለውጥ ነቅሶ ያወጣዋል። ፍርዱን ግን ሰዎች ናቸው የሚሰጡት። እኔም ከዚህ ተምሬ አንድ ጆርናል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ባለፉት አራት ዓመታት በየዓመቱ ስንት ጽሑፍ እንዳወጣ ነው። ቁጥሩ ያለ ምክንያት ሽቅብ ሲወነጨፍ ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ አነባለሁ። ይህን ማንም ተማሪ ያለ ምንም ምዝገባና ክፍያ በጆርናሉ ገጽ ላይ ቆጥሮ ሊደርስበት ይችላል።

ስኮፐስ ያስወጣቸውን ጆርናሎች ዝርዝር በኤክሴል መዝገብ ያወጣል፤ ይህን ለማውረድ የተቋም ምዝገባ አያስፈልግም። የታኅሣሥ ውርጭ በመስኮት በሚገባበት ቢሮ ጋቢዬን ደርቤ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀን እንኳ ያንን መዝገብ ከፍቼ የስንቱን ጥያቄ መልሻለሁ! ለእኛ ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ሌላው መረጃ ሁሉ መስመር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና። ጉድለቱ ግን የምክንያቱ ማጠር ነው። «የኅትመት ሥጋት» የሚል አንድ ሐረግ ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ሥጋቱ በገንዘብ የተሸጠ የደራሲነት ቦታ ይሁን፣ ግምገማው የሐሰት ይሁን፣ ወይም አርታኢው ሥራውን ቸል ብሎ ይሁን ከዚያ ሐረግ ማወቅ አይቻልም።

ሌላም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጆርናሉ ከስኮፐስ ሲወጣ ከዚያ በፊት የተመዘገቡት ጽሑፎች በአብዛኛው በዚያው ይቀራሉ። ስለዚህ የጆርናሉን ስም ፈልጎ ያገኘ ሰው «አለ» ብሎ ይደመድማል። በስሙ ሥር የሽፋን ዓመታት የሚገልጽ አንድ መስመር እንዳለ ልብ የሚል ጥቂት ነው፤ መስመሩ «ከ2012 እስከ 2021» ካለ ጆርናሉ በ2021 ተቋርጧል ማለት ነው። ገንዘብ ፈላጊ ጆርናሎች ይህንኑ ገጽ ከነስማቸው ፎቶ አንሥተው፣ ያችን መስመር ቆርጠው፣ በማስታወቂያቸው ላይ ይለጥፉታል። ባልደረቦቼን ከምንም በላይ የምማጸነው ያችን መስመር እንዲያነቡ ነው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ስሙ የተሰረቀ ጆርናል ነው። አጭበርባሪዎች የአንድን እውነተኛ ጆርናል ስምና የአይኤስኤስኤን ቁጥር ወስደው ተመሳሳይ ድረ ገጽ ይሠሩና በዚያ ስም ገንዘብ ይሰበስባሉ። ይህን ጉዳይ ለዓመታት ስትከታተል የቆየችው ተመራማሪ አና አባልኪና በ2023 ባወጣችው ጥናት፣ ከ2013 ጀምሮ ወደ ስኮፐስ ሰርገው የገቡ 67 እንዲህ ዓይነት ጆርናሎችን አግኝታለች። ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ 2023 ስኮፐስ በየጆርናሉ መግለጫ ላይ ይገኝ የነበረውን የድረ ገጽ አድራሻ አነሣ። በውሳኔው ሁለት ልብ አለኝ፤ ወደ ሐሰተኛው ገጽ የሚወስድ በር መዘጋቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን እውነተኛውን አድራሻ የመፈለጉ ሸክም ዕውቀቱም መስመሩም በሌለው ተማሪ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ባለፈው ዓመት ከመንዝ በኩል በጤና ጣቢያ የምትሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በነፍሰ ጡር እናቶች አመጋገብ ላይ የሠራችውን ጥናት ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። ፊቷ በደስታ በርቶ ነበር። «ጋሼ፣ በአራት ቀን ተቀባይነት አገኘ፤ የቀረው ክፍያው ብቻ ነው» አለችኝ። «እስኪ ደብዳቤውን አሳዪኝ» አልኋት። ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ የአይኤስኤስኤን ቁጥሩም ትክክል ነው። ቁጥሩን ስናጣራ የተገኘው ስምም ያው የጆርናሉ ስም ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታለለው፤ የተሰረቀው ቁጥሩ ራሱ ስለሆነ ቁጥሩን ማጣራት ምንም አይነግርም። ቀጥለን ገጹ ላይ ከወጡት ጽሑፎች የሦስቱን ዲኦአይ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ጽሑፍ የሚሰጠውን ቋሚ መለያ፣ ወስደን ፈለግን፤ አንዱ ከነአካቴው የለም፣ ሁለቱ ጭራሽ ወደ ሌላ ጆርናል ጽሑፍ ወሰዱን። የቆዩ ዕትሞች የሚቀመጡበትን ክፍል ስንከፍት ቅጹ ከ14 ወደ 19 ዘሎ አገኘነው። የአርታኢው አድራሻ በነጻ የሚከፈት የጂሜይል አድራሻ ነበር፤ ክፍያውም እንዲላክ የተጠየቀው ወደ አንድ ግለሰብ ስም ነው። እውነተኛውን ጆርናል በአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ አገኘነው፤ የቦርዱ አባላት ስም አንድም አይመሳሰልም፣ የሚያትመውም ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለ ሥነ ጽሑፍ ነበር። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስክሪኑን ተመለከተች። የክፍያው ገንዘብ ከእኅቷ ተበድራው የነበረ መሆኑን ኋላ ነገረችኝ። እስካሁን የምመክረው ከ2022 ጀምሮ የተሰረዙ ጥናቶችን በሚከታተለው ሪትራክሽን ዎች በተባለ ድረ ገጽ የሚታተመውን በስማቸው የተነገደባቸውን ጆርናሎች ዝርዝር ማየት ነው፤ ያለ ክፍያ ይገኛል፣ ከ300 በላይ ስሞችም አሉበት።

ዌብ ኦፍ ሳይንስ ከሦስቱ በዕድሜ ይበልጣል፤ መሠረቱ ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 ያወጣው የሳይንስ የጥቅስ መዝገብ ሲሆን ከ2016 ጀምሮ በክላሪቬት ሥር ነው። ጆርናሎችን የሚመዝንባቸው 28 መስፈርቶች አሉት፤ 24ቱ ጥራትን፣ 4ቱ ተጽዕኖን ይመለከታሉ። ከቦርድ ይልቅ የሚወስኑት የራሱ ቅጥር አርታኢዎች ናቸው። በመጋቢት 2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተደገፈ መሣሪያ አጠራጣሪ ሆነው ያገኛቸውን ከ500 በላይ ጆርናሎች እየመረመረ መሆኑንና ከ50 በላይ የሚሆኑትን ማስወጣቱን አስታወቀ። ከወጡት ውስጥ 19ኙ ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ ጆርናሎች ነበሩ፤ ሂንዳዊን ዋይሊ የተባለው ትልቅ አሳታሚ በ2021 በ298 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሲሆን፣ በ2023 ብቻ ከ8 ሺህ በላይ ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል፣ በዚያው ዓመት ማብቂያም ዋይሊ ስሙን እንደማይጠቀምበት ገለጸ። እኛ ዘንድ በሂንዳዊ ጆርናሎች ማሳተም እንደ ክብር ይቆጠር የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ይህ ዜና ምን ያህል እንዳስደነገጠ ያውቃል።

በዚያው ወር የወጣ ሌላ ጆርናል ይበልጥ አነጋጋሪ ነበር፤ የአሳታሚው ኤምዲፒአይ ንብረት የሆነውና በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ያወጣ የነበረው ዓለም አቀፍ የአካባቢ ምርምርና የሕዝብ ጤና ጆርናል። ኢምፓክት ፋክተሩ፣ ማለትም ጽሑፎቹ በአማካይ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ4 በላይ ነበር። የወጣበት ምክንያት የታተሙት ጽሑፎች ከጆርናሉ ዓላማ ጋር አለመጣጣማቸው ነው፤ ማለትም በኢምፓክት ፋክተር ብቻ ተማምኖ የላከ ሰው ምንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። በአንጻሩ በ2024 ኢላይፍ የተባለው ጆርናል ኢምፓክት ፋክተሩን ሲያጣ ማንም በማጭበርበር አልከሰሰውም፤ ጽሑፎችን ከገምጋሚዎቹ አስተያየት ጋር ያለ ተቀባይነትና ያለ ውድቅታ ውሳኔ ማውጣት በመጀመሩ ከኢንዴክሱ ደንብ ጋር ስላልተስማማ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው «ከኢንዴክስ ወጣ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ይገነዘባል።

ዌብ ኦፍ ሳይንስ የወጡትን ጆርናሎች በየወሩ ያሳውቃል፤ በአርታኢ ውሳኔ የወጣውን በኅትመት መቋረጥና በመሰል ምክንያት ከወጣው ይለያል። የእያንዳንዱን ጆርናል ዝርዝር ምክንያት ግን አይነግርም፤ በዚህ ረገድ ከሦስቱ ቁጥቡ እርሱ ነው። ሆኖም ሌሎቹ ሊወስዱት የሚገባ አንድ አሠራር አለው። ጥርጣሬ የገባበትን ጆርናል ምርመራው ሳያልቅ በፊት አዲስ ጽሑፍ መመዝገቡን አቁሞ በዋናው የጆርናሎች ዝርዝር ላይ «በምርመራ ላይ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ይህ ፍርድ አይደለም፤ ለደራሲው ግን ቢያንስ ጥቂት ወር እንዲታገሥ የሚነግር ማስጠንቀቂያ ነው። ዝርዝሩን ለመፈለግ የሚያስፈልገው በነጻ የሚከፈት አካውንት ብቻ ነው።

የማስጠንቀቂያውን ዋጋ የማውቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የሠራሁት ጥናት የታተመበት ጆርናል፣ ጽሑፋችን በወጣ በሰባተኛው ወር ከአንድ ኢንዴክስ ተሰረዘ። ስሙን አልጠቅስም፤ ኢንዴክሱ ጆርናሉን ማስወጣቱ ትክክል ነበርና። ጉዳት ያደረሰብን የወጣበት ወር በግልጽ አለመጻፉ ነው። የደረጃ ዕድገት ሰነዴን የተመለከተው ኮሚቴ ጽሑፉ የወጣው ጆርናሉ ገና በኢንዴክሱ ውስጥ ሳለ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ ነው በሚል ሁለት ስብሰባ አካሄደ፤ በመጨረሻም ጽሑፉ ሳይቆጠር ቀረ። ሦስታችንም ገምጋሚዎቹ በጠየቁን መሠረት ትንተናውን ሁለት ጊዜ እንደገና ሠርተን ነበር። ግምገማው እውነተኛ እንደነበር የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፤ የገምጋሚዎቹን አስተያየት የያዙትን ደብዳቤዎች ዛሬም አስቀምጫቸዋለሁ።

አፍሪካን የሚመለከተውን አጄኦኤልን በአጭሩ ልጥቀስ። ከ1998 ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያስተናግድ ሲሆን መቀመጫው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ የአገራችን ጆርናሎችም ይገኙበታል። ከ2017 ጀምሮ ለጆርናሎች አሠራር ከኮከብ አልባ እስከ ሦስት ኮከብ ደረጃ የሚሰጥ ሥርዓት አለ፤ ደካማውን ከማባረር ይልቅ የጎደለውን የሚነግር በመሆኑ የተቋም ጆርናል ለሚያዘጋጁ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚጠቅም ይመስለኛል። በክፍያ ብቻ የሚታዩትን የመጥፎ ጆርናሎች ዝርዝሮች አልገመግምም፤ የሚያዋጣን ዋጋ አይደለም። ጄፍሪ ቢል የተባለው የኮሎራዶ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ያዘጋጀው ዝርዝር ደግሞ በጥር 2017 ስለተዘጋ፣ እርሱን ቀድተው በየቦታው የሚያሰራጩ ሰዎች ብዙ ዓመት ያለፈውን መረጃ እንደ አዲስ እያቀረቡ መሆናቸው ሊታወቅ ይገባል።

እንግዲህ አንዱን ምረጥ ብባል ምክንያቱንና ቀኑን በግልጽ ስለሚናገር ዲኦኤጄን አስቀድማለሁ። ለሰፊው ሽፋኑና ያለ መስመር ለሚሠራው ዝርዝሩ ስኮፐስን፣ ቀድሞ ለሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ዌብ ኦፍ ሳይንስን አመሰግናለሁ። ከሁለቱ ኩባንያዎች የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም፤ ከእያንዳንዱ የወጣ ጆርናል ትይዩ የወጣበትን ቀንና ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። የእኛ ተቋማትም ጽሑፍ ሲመዝኑ የሚያዩት ጽሑፉ የተላከበትን ቀን ቢሆን ብዙ ሰው ከማያውቀው ጥፋት ይድናል፤ ደራሲ ሲልክ የሚያየው የዚያን ቀን መዝገብ እንጂ ከሰባት ወር በኋላ የሚመጣውን አይደለምና።

እስከዚያው ድረስ በየሦስት ወሩ ሦስቱንም ዝርዝሮች አውርጄ በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ ከነቀናቸው አስቀምጣለሁ፤ ጽሑፍ ከመላካችን በፊትም የዚያን ዕለት የኢንዴክሱን ገጽ አትመን ከማመልከቻው ጋር እናያይዛለን። ያቺ ተማሪ ጥናቷን በዲኦኤጄ ወደተመዘገበ፣ ከአገራችን ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ወደሚተው ጆርናል ላከች። ከአምስት ወር በኋላ ከሁለት ገምጋሚዎች አራት ገጽ አስተያየት መጣላት፤ ሦስተኛውን ሠንጠረዥ እንደገና እንድትሠራና የናሙና አመራረጧን እንድታብራራ ጠይቀዋታል። ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮዬ ተቀምጣ ሠንጠረዡን ስታስተካክል ዋለች።